ጫማው ሳይቀር ተጽፏል

ውዷ ጓደኛዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

አባባ ሲያርፉ እንኳ አልደወልኩልሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ትንሽ ደብተር ነው።

እዚህ በርሊን ቤታቸው እየሄድኩ የማግዛቸው ሴትዮ አሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው። ባለፈው ሳምንት ከኮሞዲኖው የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው የአባታቸውን ዞልድቡህ አሳዩኝ። የጀርመን ወታደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኪሱ ይዞት የሚዞረው የደመወዝ ደብተር ነው፤ መታወቂያውም እሱው። ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ጠርዙ ወዝቷል።

የፊት ቅርጽ፣ ጺም፣ የዓይን ቀለም ተጽፏል። ቀጥሎ የጫማ ርዝመት። የጫማ ስፋት! ወረድ ሲል ክትባት፣ የተኛበት ሆስፒታል፣ የተረከበው ልብስ፣ ፈቃድ የወጣበት ቀን። ጽሑፉ የድሮው የጀርመን እጅ ጽሑፍ ስለሆነ የልጅ ልጃቸው እንኳ ማንበብ አቅቷታል። እኔማ ተይኝ፣ እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ።

አንድ ሜዳሊያም አለ። ከ1941 ወደ 1942 ባለው ክረምት (በፈረንጆቹ ነው) በምሥራቅ ግንባር፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በሚዋጉበት፣ ለከረሙት የተሰጠ። ወታደሮቹ «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» ይሉት ነበር አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እዚያ ምን ሲሠራ እንደነበር የት ጋ ነው የተጻፈው?»

አገላብጬ አየሁት። የለም። ከዚያ ግንባር ኋላ ስንት መንደር እንደነደደ፣ ስንት አይሁድ እንደተረሸነ ያውቃሉ፤ የሚፈሩት እሱን ነው። አባታቸው ከምርኮ ተመልሰው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እዚሁ ከተማ፣ ራይኒከንዶርፍ፣ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ክፍል አለ። በ1939 ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የሞተና የቆሰለ ወታደር መረጃ እንዲይዝ የተቋቋመ ቢሮ ነበር፤ ወደ ቤተ መዛግብቱ የተጠቃለለው በ2019 ነው። ስለ አባታቸው መረጃ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ አብረን ሞላን። የአንገት መለያውን ቁጥርም ጻፍን። ሞላላ ብረት ነው፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ተደርድሮበታል። ወታደሩ ሲሞት ግማሹ ተሰብሮ ይወሰዳል፣ ግማሹ ከሬሳው ጋር ይቀራል። የሳቸው አባት መለያ ሙሉ ነው።

በማመልከቻው መጨረሻ ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ ልፈርም ልል ነበር፣ አይፈቀድም፤ እንደምንም ራሳቸው ፈረሙ።

ፖስታውን ሳሽግ አባባ ትዝ አሉኝ። አልጋቸው ሥር የነበረችው አረንጓዴ የጥይት ሳጥን፣ ማንም እንዳይነካት የሚሉት፣ አለች? ከፍተሻታል?

ናፋቂሽ