ስለ አዲሱ ቤትሽ

ውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ከተጻጻፍን ሦስት ዓመት አለፈ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። እናቴ፣ እማዬ፣ ከወደቀች ወዲህ ስለ ቤት የሚነሣ ወሬ ሁሉ ስለሚያመኝ፣ ያቺን የእርሷን ቤት አብረሽኝ የመረቅሽውን አንቺን መሸሽ ጀምሬ ነበር። የቤትሽ ፕላን ተሠርቶ ቁፋሮው ከክረምት በኋላ እንደሚጀመር ታናሽሽ ስትነግረኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእማዬ ቤት መግቢያ ስድስት ደረጃ እንዲኖረው ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ከመንገድ ከፍ ብሎ የሚታይ ቤት ክብር ይመስለኝ ነበር። ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ እነዚያ ስድስት ደረጃዎች ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዕድሯና ከጎረቤት ቡና ለዩአት። ለቅሶ መድረስ ሲኖርባት የሰፈሩ ልጆች ከነወንበሯ ተሸክመው ያወርዷት ነበር፤ እነርሱ በደስታ ቢያደርጉትም፣ እርሷ ግን «ስንት ጊዜ ሰው ላስቸግር?» እያለች ቀስ በቀስ መውጣቱን ተወችው። በደረጃው ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ራምፕ፣ ይሠራላት ብዬ ባለሙያ ሳማክር፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ ራምፑ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል፤ ግቢው ደግሞ ከአጥሩ በር እስከ ደረጃው 5 ሜትር እንኳ አይሞላም። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ዝቅ በማድረግ ይቀር የነበረ ነገር፣ ከተገነባ በኋላ በገንዘብ እንኳ የማይመለስ ሆነ።

ባለፈው ዓመት እኔ ዘንድ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አመጣኋት። በመጀመሪያው ሳምንት ዊልቸሯን እየገፋሁ ስንወጣ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በየማቋረጫው ወደ አስፋልቱ ዝቅ ብሎ መሠራቱን አየችና፣ አንዱ ማቋረጫ ጋ ቆመን እንድናይ ጠየቀችኝ። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ዕቃ በጋሪ የሚያደርስ ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚያችው ዝቅ ባለች ቦታ አለፉ። «ለእኔ ብቻ የተሠራ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሳስበው፣ ለልመና ወይም ለውለታ ሳትጋለጥ ከሰው እኩል መንገድ ስትሻገር ያየሁት ከስብራቷ በኋላ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ሁለንተናዊ ዲዛይን የሚባለው ሐሳብ ይኸው ነው። ቃሉን ያስተዋወቀው ሮናልድ ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ሲሆን፣ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ቀሪ ዕድሜውን በዊልቸር የኖረ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲማር ወደ ክፍል የሚገባው ደረጃውን በሰው ሸክም እየወጣ እንደ ነበር ሳነብ፣ የሰፈራችን ልጆች እማዬን ሲያወርዱ ታዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የሚያጠና ማዕከል አቋቋመ። ሲታገልለት የነበረውም ለአካል ጉዳተኛ የተለየ በር ከጓሮ እንዲከፈት አልነበረም፤ ዋናው በር ከመነሻው ለሕፃኑም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሽማግሌውም እንዲሆን ተደርጎ እንዲሠራ ነበር።

አገራችንም ይህን አልዘነጋችውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የግል መኖሪያ ቤት ግን በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተተወ ነው፤ ስለዚህም የምለምነው አንቺን ነው።

የአዲሱ ቤትሽ ወለል ከፍ ያለው ለጎርፍ ሲባል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህም ትክክለኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ውኃው በቦይ ወደ ጎን ከተመራና ግቢው ከአጥሩ በር ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል ከተደረገ፣ ያለ አንድ ደረጃ እስከ ሳሎን መድረስ ይቻላል። ያን ጊዜ የጤፉ ኩንታልና የጋዙ ሲሊንደርም ማንንም ወገብ ሳይሰብሩ ይገባሉ። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ምድር ላይ ይሁኑ፤ የአንቺም እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እኛም እዚያው ዕድሜ ላይ እንደርሳለን። የመታጠቢያ ቤቱን በር 90 ሳንቲ ሜትር አድርጊው፤ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 70 ሳንቲ ሜትሩ የመቃኑ ውፍረት ሲቀነስ ለክራንችም ይጠባል። ሻወሩ ደፍ አይኑረው። ከመጸዳጃው አጠገብ ያለውን ግድግዳ ሲገነቡም የብሎኬቱን ቀዳዳ በኮንክሪት እንዲሞሉት ለፎርማኑ ንገሪው፤ ባዶ ብሎኬት የእጅ መደገፊያ ብረት አይሸከምም፣ ዛሬ ብረቱን ባትገጥሚው እንኳ በሚያስፈልግበት ቀን ግድግዳው ዝግጁ ይሆናል። የበሩ እጀታ ክብ ሳይሆን ወደ ታች የሚጫን ይሁን፤ ሕፃን ታቅፈሽ በክርንሽ ትከፍቺዋለሽ።

ፕላኑን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አየዋለሁ። እማዬ ለምርቃቱ ካልሄድኩ እያለች ነው። ዛሬ ጠዋት የወንበሯን ስፋት ለካሁት፤ 66 ሳንቲ ሜትር ነው።

ናፋቂሽ እህትሽ