ጃኪ ቻን «ማቻን» ሲል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ «ፊልም በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሲገባበት ጣዕሙን ያጣል» ብለው ጽፈው ነበር። አልተስማማሁም። ምክንያቴ ታሚልኛ ተናጋሪዎቹ የደቡብ ሕንድ ሰዎች፣ ታሚሎች ናቸው።

የምኖረው ሻርጃ፣ ቤድ ስፔስ (አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ብቻ ተከራይቶ መኖር) ነው። ደባሌ ከማዱራይ የመጣ የታሚል ልጅ ነው። ዕረፍት ስንሆን ስልኩን ትራስ ላይ ያቆምና የጃኪ ቻንን የድሮ ፊልሞች በታሚልኛ ይከፍታል። ልጅ እያለ በቴሌቪዥን ያያቸው ናቸው። በቃሉ ይዟቸዋል። አሁንም ቀልዱ ሳይደርስ ሳቁ ይቀድመዋል።

አንድ ቀን ውለታ የዋልኩ መስሎኝ እንግሊዝኛውን ፈልጌ ከፈትኩለት። አምስት ደቂቃ አልቆየም። «ይሄ ጃኪ አይደለም» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። (እንግሊዝኛውም እኮ ትርጉም ነው። ፊልሙ የተሠራው በሆንግ ኮንግ ቋንቋ፣ በካንቶንኛ ነበር።)

ገርሞኝ ምኑ እንደሚያስቀው በየመሃሉ እጠይቀው ጀመር። ጃኪ ጓደኛውን «ማቻን» ይለዋል። ቃሉ በቁሙ የሚስት ወንድም ማለት ነው። የሰፈር ልጆች ግን እኛ «ጀለስ» እንደምንለው ይጠራሩበታል። ከኛ «አማች» ጋር መመሳሰሉ አስቆኛል፤ አጋጣሚ መሆን አለበት። ደግሞ የታሚልኛ የመጽሐፉና የአፉ ቋንቋ በጣም ይራራቃሉ። ዜና በአንዱ ይነበባል፣ ሰው በሌላው ይጨቃጨቃል። ጃኪ የያዘው የጭቅጭቁን ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ ቆሞ የታሚሎቹ ትልቅ ከተማ የቼናይ ባለባጃጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ለድምፅ ያላቸው ፍቅርማ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ላየን ኪንግ» የካርቱን ፊልም ዋናውን አንበሳ ሲምባን በታሚልኛ የተናገረው ተዋናዩ አርቪንድ ስዋሚ ነበር። በ2019 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ስካርን፣ ክፉውን አጎት ሆኖ። በዚያው ዓመት በ«አቬንጀርስ» ፊልም ለጀግናው አይረን ማን ድምፅ እንዲሆን ተዋናዩን ቪጃይ ሴቱፓቲን አመጡለት። ትልቅ ኮከብ ነው። ቢሆንም ብዙ አድናቂዎች ተቆጡ። የለመዱት ድምፅ አይደለማ! ደባሌ ዛሬም ሲነሳበት ይበግናል።

እኛ ጋ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ብዙው ክርክር የውጭ ድራማ ባህላችንን ያጠፋል አያጠፋም የሚል ነበር። ስለ አማርኛው ማን አወራ? በትርጉም ፊልም ውስጥ የተናደደች እናት «እባክህ ከዚህ ክፍል ውጣልኝ» ስትል ስንቴ ሰምቻለሁ። የኔ እናት ብትሆን «ጥፋ ከፊቴ!» ነው የምትለው፤ እሱም ነጠላ ጫማዋ ከቀደማት በኋላ።

ስለዚህ ስለ ትርጉም ፊልም ዳግም ስትጽፉ፣ ንግግሩን የሚጽፉትንና ድምፅ የሚሰጡትን ልጆች አነጋግሩልን። ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

አንባቢያችሁ፣ ከሻርጃ