የተርባይኑ የሌሊት ድምፅ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጻፍ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ከነፋስ ኃይል ማመንጫዎቻችን አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት 153፣ አይሻ ሁለት 120፤ ኢተያ አጠገብ ያለው የአሰላው ደግሞ 29 ተርባይን፣ 100 ሜጋ ዋት። የነፋስ ኃይል ዜና ሲመጣ የሚቆጠረው ይኸው ነው። ከማማው አጠገብ የሚያድር ሰው ሌሊት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንደሚሰማ የሚጠይቅ የለም። ነፋስ ለአገሪቱ ማስፈለጉን አንከራከርም፤ በበጋ ግድቦቹ ሲጎድሉ ነፋሱ የሚበረታ መሆኑ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ተርባይን ዝናብ ያባርራል የሚለውንም ዓይነት ወሬ እዚህ አናነሳም፤ እውነተኛውን ቅሬታ የሚያስንቀው እሱ ነውና። የምንጠይቀው ለነፋስ ማመንጫ ብቻ የተጻፈ የድምፅ ገደብ ነው።

አገራችን ያላት የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ለወፍጮ ቤት፣ ለጋራዥና ለጭፈራ ቤት ይሆናል፤ ለተርባይን ግን ልል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ለተርባይን 45 ዴሲቤል ስላለ፣ አንዳንዱ «እኛም ያው ነን» ይላል። አይደለንም። የእነሱ 45 የ24 ሰዓት አማካይ ሆኖ ለምሽቱ 5፣ ለሌሊቱ 10 ዴሲቤል ተጨምሮበት የሚሰላ ነው። ሌት ተቀን በእኩል ለሚሰማ ድምፅ ሲመነዘር ወደ 39 ይወርዳል። ለአሰላው ፕሮጀክት ድጋፍ የሰጠችው ዴንማርክ ደግሞ በገዛ አገሯ በገጠር ላለ መኖሪያ ቤት ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲሆን ከ44፣ 6 ሜትር ሲሆን ከ42 ዴሲቤል እንዳያልፍ ታዛለች። ከተርባይኑ ጠቅላላ ቁመት አራት እጥፍ ርቀት ውስጥም የጎረቤት መኖሪያ ቤት ሊኖር አይችልም። ክንፉ ወደ ላይ ሲቆም 150 ሜትር ለሚደርስ ተርባይን 600 ሜትር ማለት ነው።

ርቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በግምት ማስላት ይቻላል። የአንድ ዘመናዊ ተርባይን የድምፅ ኃይል 105 ዴሲቤል ገደማ ነው። በገላጣ ሜዳ በ300 ሜትር ወደ 46፣ በ500 ሜትር ወደ 41፣ በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 32 ይወርዳል። ከቤቱ እኩል የሚርቁ ሁለት ተርባይኖች ሲሆኑ 3፣ አሥር ሲሆኑ 10 ዴሲቤል ይጨመራል። አዳማ ሁለት ብቻውን 102 ተርባይን አለው። ለአንድ ማማ የተሰላ ርቀት ሸንተረሩን ሞልተው ለቆሙት አያገለግልም።

ነገሩ በብዛት የሚበላሸው ግን ልኬቱ ላይ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መኪና አቁሞ አሥር ደቂቃ የተወሰደ ልኬት ለዚህ ጉዳይ ዋጋ የለውም። ቀን መሬቱ ስለሚሞቅ አየሩ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ራሱ የተርባይኑን ድምፅ ይውጠዋል። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ የታችኛው አየር ይረጋል። ግቢው ውስጥ ቅጠል አይነቃነቅም፤ 80 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ነፋሱ ክንፎቹን ያሽከረክራል። ሹው፣ ሹው የሚለው ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። ሦስት ክንፍ ያለው ተርባይን በደቂቃ 15 ጊዜ ሲዞር 45 ምት ይሰጣል። እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ከፍ ዝቅ የሚል ምት ነው፤ አማካይ ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ደግሞ ምቱን ያጠፋዋል። የጭቃ ግድግዳ ድምፅ ይመክታል፤ ቆርቆሮውና ግድግዳው በሚገናኙበት ክፍተት ግን እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህ ለአውሮፓ ቤት የተሠራ የቤት ውስጥ ግምት ለእኛ ቤት አይሆንም።

ትክክለኛው ልኬት ከግንባታ በፊት ይጀምራል፤ ነፋሱ በሚበረታበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ማይክሮፎኑ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ድርብ የነፋስ መከላከያ ለብሶ ይቆማል፤ ንባቡ በየ10 ደቂቃው ተርባይኑ በሚቆምበት ከፍታ ላይ ካለው የነፋስ ፍጥነት ጋር ይመዘገባል። ተርባይኑ ከተተከለ በኋላ እዚያው ቦታ ይደገማል። ተርባይኖቹን ለ20 ደቂቃ አስቁሞ ልዩነቱን ማየት ብዙ ክርክር ያሳጥራል። በስልክ የተለካ አይቆጠርም፤ ነፋሱ የስልኩን ማይክሮፎን ሲመታው የሚነበበው ቁጥር የተርባይኑ አይደለም።

ቅሬታ ሁሉ ደግሞ የርቀት ቅሬታ አይደለም፤ በጥገና የሚፈታም አለ። ፉጨት ከተሰማ የክንፉ ጫፍ ይታይ፤ መብረቅ በስቶት ወይም አቧራና ዝናብ ጠርዙን በልቶት ሊሆን ይችላል። የማያቋርጥ እዝዝታ ከሆነ ማርሽ ሳጥኑ፣ የማቀዝቀዣው ፋን ወይም ትራንስፎርመሩ ነው። (ጎልድዊንድ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የአዳማ አንድ ማሽኖች ማርሽ ሳጥን ስለሌላቸው እዚያ ሌላ ቦታ ይፈለግ።) የማማው አናት ወደ ነፋሱ ሲዞር ብቻ ጥርስ እንደማፋጨት የሚሰማው ከማዞሪያው ፍሬን ሸራ ነው፤ ሲያልቅ ወይም ቅባት ሲነካው ይጮኻል። የቅሬታ መዝገቡ የማማውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫና የድምፁን ዓይነት ካልያዘ ቴክኒሻኑ የቱ ማማ ላይ ይውጣ?

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም ድምፁ ከገደብ ካለፈ ሁለት መንገድ አለ። ከክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ቅጥያ መለጠፍ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሌላው ሌሊት ዙሩን ዝቅ አድርጎ ማሠራት ነው፤ ይህ ግን ከምርቱ ይቆርጣል።

ዋናው የፖሊሲ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። አዳማ አንድና ሁለት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ንብረት ናቸው፤ ዙር ቀንሱ ቢባል የሚጠፋው ኪሎ ዋት ሰዓት የራሱ ነው። አሁን ግን የግል አልሚዎች እየመጡ ነው፤ በአይሻ ለ300 ሜጋ ዋት ስምምነት ተደርጓል። ከግል አልሚ ኃይሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በዓለም ላይ በተለመደው የኃይል ግዥ ውል፣ ገዢው በራሱ ምክንያት ማሽን ሲያስቆም ሊመረት ይችል ለነበረው ኃይልም ይከፍላል። የድምፅ ገደቡ ከፊርማው በፊት የአልሚው ግዴታ ሆኖ ካልተጻፈ፣ ኋላ «ሌሊት ዙር ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ክርክር ያስነሳል፤ ሂሳቡም በዶላር ወደ ገዢው ሊዞር ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ዝም ማለት ይቀለዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ 299/1995 የታዘዘ ስለሆነ አዲስ ሕግ እስኪረቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሌሊት ገደቡን፣ ርቀቱንና የልኬቱን ዘዴ በአንድ መመሪያ አውጥተው ከውሉ ጋር ማያያዝ ይችላሉ።

ርቀቱ ተርባይኑ ከተተከለ በኋላም መጠበቅ አለበት። ለማማዎቹ የተጠረገው ጥርጊያ መንገድ ቤት ይስባል፤ ዛሬ ባዶ የሆነው 400 ሜትር ከጥቂት ዓመት በኋላ መንደር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ማማ መገኛና የክልከላው ክብ በወረዳው የመሬት ካርታ ላይ ይሰፍር። እርሻውና ግጦሹ ይቀጥል፤ የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ግን ከክቡ ውጭ ይሁን።

በድምፅ ልኬትና በተርባይን ጥገና ሙያ ያለን አንባቢዎች፣ ከአዳማ