ለወንድሜ፣ ስለ እግርህ

ዶሃ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን በሰው እጅ የላክሁልህ በስልክ የማይሆን ነገር ስለሆነ ነው። ስንደዋወል እማዬ አጠገብህ ናት፤ ስለ እግርህ በጠየቅሁህ ቁጥር "ደህና ነው እታለም፣ በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍኩት ነው" ትለኛለህ። ደህና እንዳልሆነ ግን የአክስታችን ልጅ ነግራኛለች። ዘለህ ስትወርድ ቁርጭምጭሚትህ ዞሮ፣ ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶህ፣ አሁንም ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለህ አሉ። ይባስ ብለህ ለዞኑ ውድድር እደርሳለሁ ብለህ ልምምድ ጀምረሃል።

ወንድምዓለም፣ አልቆጣህም። ልጅ ሳለህ በሁለት የባህር ዛፍ እንጨት መሃል የእማዬን የልብስ ማስጫ ገመድ አስረህ፣ ጭድ የሞላ ጆንያ ከኋላው ዘርግተህ ስትዘል ገመዱን ከፍ ከፍ የማደርግልህ እኔ ነበርኩ። አገጬ ላይ ሲደርስ "አሁን አፍንጫሽ ላይ" ትለኝ ነበር። መዝለል ተው አልልህም። ስለ ኳታሩ ከፍታ ዘላይ ስለ ሙታዝ ባርሺም ግን እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።

ባርሺም እዚሁ ዶሃ በ1991 የተወለደ ነው፤ ዘሩ ከጎረቤታችን ከሱዳን ነው። አባቱም አትሌት ነበሩ። በ2010 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ደግሞ ብራሰልስ ላይ 2 ሜትር ከ43 ዘለለ። ከዚያ በላይ የዘለለ በዓለም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኩባዊው ሶቶማዮር፣ 2 ሜትር ከ45፣ በ1993። አንድ ቀን ከጥገና ክፍል ሜትር ተውሼ 2 ሜትር ከ43ን በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለካሁትና በእርሳስ አሰመርኩት። ከበሩ ጉበን በላይ ሁለት ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሰው በገዛ እግሩ ተነስቶ እዚያ ላይ መድረሱ ዛሬም ይገርመኛል፤ ማታ ስተኛ መስመሩን አያለሁ።

እና ይህ ሰው በ2018 ጁላይ ላይ ሃንጋሪ ውስጥ 2 ሜትር ከ46 ሊሞክር፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሊሰብር ተነሳ። የሚነሳበት እግሩ ከዳው። የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጠሰ። ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ባለፈው ዓመትም የዓለም ምርጥ አትሌት ተብሎ ተሸልሟል። የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በገዛ ከተማው ነው የሚደረገው። እንደ እሱ የሚቸኩልበት ምክንያት ያለው ሰው አለ? ግን አንድ ዓመት ገደማ ሳይወዳደር ቆየ። ሐኪም አየው፣ ታከመ፣ መራመድን እንደ ሕፃን ጀመረ፣ ከዚያ መሮጥን፣ መዝለል የመጣው በመጨረሻ ነው።

መስከረም 23 ቀን፣ በእነሱ ኦክቶበር 4 ቀን 2019፣ ኸሊፋ ስታዲየም ነበርኩ። አርብ ስለነበር እረፍት ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ባርሺምን ብዬ አልሄድኩም፤ ባንዲራችንን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ለለሜቻ ግርማ ነው የሄድኩት። ኬንያዊቷ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬም የእነሱን ይዛ አብራኝ ነበረች። ያን ምሽት በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ለሜቻ፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ በኬንያዊው ኪፕሩቶ በሰከንድ አንድ መቶኛ ተቀደመ። አንድ መቶኛ! እሷ አቅፋኝ ትዘላለች፣ እኔ አለቅሳለሁ።

ከፍታ ዝላዩን ግን አልረሳውም። ባርሺም 2 ሜትር ከ33 ላይ ሁለት ጊዜ ዘንጉን ጣለ። አንድ ዕድል ቀረው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፤ እኔ የቀዘቀዘው አየር በነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ያንቀጠቅጠኛል፣ ዓይኔ ግን እግሩ ላይ ነው፣ ያ የተበጠሰው እግር ላይ። ሮጦ ዞረ፣ ተነሳ፣ አለፈ። ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። ከዚያ 2.35ን፣ ከዚያ 2.37ን አልፎ ወርቁን ወሰደ።

ጣሊያናዊው ከፍታ ዘላይ ታምቤሪም እንዳንተው ነው። በ2016 ለሪዮ ኦሊምፒክ ሳምንታት ሲቀሩት ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ከውድድሩ ቀረ። ሲመለስ አልሆነለትም፤ ፓሪስ ላይ በ2017 ወድቆ ክፍሉን ዘግቶ ማንንም አላናግርም ሲል በሩን አንኳኩቶ የገባው ባርሺም ነበር። በ2021 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሁለቱም እስከ 2.37 አንድም ሳይጥሉ ደረሱ፣ 2.39ን ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ጣሉት። ዳኛው አሸናፊው በዝላይ ይለይ ሲላቸው ባርሺም ሁለት ወርቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል ሲባል ታምቤሪ ዘሎ አቀፈው። እኔ በሠራተኞች መመገቢያ ቆሜ ነበር የማየው፣ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የታምቤሪ አሮጌ ጄሶ፣ ከጉዳቱ ጊዜ ያስቀመጠው፣ ሜዳው ላይ አጠገቡ ነበር።

ባርሺም በ2022 ሦስተኛውን ተከታታይ የዓለም ወርቅ ወሰደ። ባለፈው ነሐሴ ደግሞ በ33 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ አገኘ። ማጣሪያው ላይ ባቱን ሲይዘው መጀመሪያ ሮጦ የደረሰለት ታምቤሪ ነበር።

አንተ 17 ዓመትህ ነው። የዞኑ ውድድር በዓመቱ ይመለሳል።

ደግሞ ስማኝ፣ አሸዋ ላይ በጀርባህ መውደቁን አቁም። በጀርባ መዝለልን በ1968 ሜክሲኮ ላይ ለዓለም ያሳየው አሜሪካዊው ፎስበሪ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነበር የሚወድቀው። ትምህርት ቤትህ ፍራሽ እስኪገዛ፣ እግርህም ድኖ ሲፈቀድልህ፣ እንደ መቀስ እየከፈትክ በእግርህ ውረድ። ቁመቱ ይቀንሳል፣ አንገትህ ግን ይተርፋል።

ወጌሻውን ከእንግዲህ አታስነካው፤ መጀመሪያ ደሴ ሄደህ ራጅ ተነሳ። ከደብዳቤው ጋር ያለው ብር ለእሱ ብቻ ነው፣ እማዬ ለቤት ኪራይ ብትጠይቅህ የዚያን በወሩ መጨረሻ እንደምልክ ንገራት። ጥቅሉ ውስጥ የሚለጠጥ ፋሻ አለ፣ አጥብቀህ አትጠቅልለው፣ ጣትህ ከደነዘዘ ፍታው። ራጁን እንዳነሳህ ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

እህትህ