የደም ሥር ፈሳሽ የሚያወጣው ስለተቀደደ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ እብጠት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ ለአንባቢ መቅረቡ ደስ ቢያሰኘኝም፣ ጸሐፊው የደም ሥርን ከውኃ ቱቦ ጋር አመሳስለው፣ አካል ሲቆጣ ፈሳሽ የሚወጣው ግድግዳው ስለሚቀደድ ነው ማለታቸው ሳይታረም መታለፍ የለበትም። እንዲህ ባለው እብጠት በአብዛኛው የሚቀደድ ነገር የለም፤ የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ የሸፈኑት ሕዋሳት ከውስጣቸው በሚመጣ ኃይል ይሰበሰቡና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። በ1961 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተመራማሪዎቹ ጋይዶ ማይኖና ጆርጅ ፓላዴ አካል ሲቆጣ የሚለቀቁትን ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉ ኬሚካሎች ለአይጦች ሰጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ክፍተቱ የታየው በትናንሽ የደም መላሽ ሥሮች፣ ያውም በሕዋስና በሕዋስ መካከል ነበር።

ሕዋሳቱን ጎን ለጎን ከሚያያይዙት ፕሮቲኖች ዋነኛው ቪኢ-ካድሄሪን ይባላል። ይህ ፕሮቲን በካልሲየም እየታገዘ ከጎረቤት ሕዋስ አቻው ጋር ይያያዛል፤ ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ ደግሞ ካቴኒን በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል ከሕዋሱ አጽም፣ ማለትም 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ካላቸው የአክቲን ክሮች ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የመጋጠሚያው ጥንካሬ በማያያዣው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን በክሮቹ አሰላለፍም ይወሰናል። ክሮቹ በሕዋሱ ዳር እንደ መቀነት ሲዞሩ መጋጠሚያው ይጸናል፤ ሕዋሱን አቋርጠው በጥቅል ሲሰለፉና ማዮሲን የተባለው ሳቢ ፕሮቲን ሲስባቸው ግን ወደ ውስጥ ይጎተታል።

ተማሪ ሳለሁ አክቲናቸው ቀይ እንዲያበራ የተደረጉ ሕዋሳት ያሉባቸውን ሦስት ስስ መስተዋቶች በማይክሮስኮፕ ያየሁበት ቀን እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም። በመጀመሪያው ላይ እያንዳንዱን ሕዋስ ቀጭን ቀይ መስመር ከቦታል። ትሮምቢን የተባለው ደም አርጊ ኢንዛይም ለጥቂት ደቂቃዎች በተጨመረበት በሁለተኛው ላይ ወፋፍራም ክሮች ሕዋሱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ በሕዋሳቱ መካከል ጥቁር ቀዳዳዎች ተከፍተዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ በተወሰደው በሦስተኛው ላይ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው ተዘግተዋል። የተቀደደ ቱቦ እንዲህ ራሱን አይዘጋም።

ትሮምቢን ይህን የሚያደርገው በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየምን ከፍ በማድረግና አርኤችኦ-ኤ የተባለውን ፕሮቲን በማንቃት ሲሆን፣ ይህም ፕሮቲን ማዮሲንን ዘና የሚያደርገውን ኢንዛይም እንዲታገድ ያደርጋል። በአንጻሩ ራክ-1 እና ራፕ-1 የተባሉት ፕሮቲኖች አክቲኑን ወደ ዳር መልሰው መጋጠሚያውን ያጸናሉ። አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የሚመራመሩ ሰዎች ትኩረታቸውን በእነዚህ ላይ ማድረጋቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግድግዳው ተቀድዷል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ይህን መንገድ ጨርሶ ሊያየው አይችልም።

ጸሐፊው መከፈትን ሁሉ እንደ ጉዳት መቁጠራቸውም አያስማማኝም። ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተጎዳ አካል የሚደርሱት በአብዛኛው በእነዚሁ መጋጠሚያዎች ሾልከው ነው። አደጋው የሚመጣው፣ በከባድ ኢንፌክሽን እንደሚታየው፣ መጋጠሚያዎቹ በመላ አካል ላልተው ሳይመለሱ ሲቀሩና ሳንባ በፈሳሽ ሲሞላ ነው።

ዓምዱ ወደዚህ ጉዳይ ሲመለስ ገለጻው እንዲስተካከል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሥነ ሕይወት መምህር