የአባታችሁን ሰዓት አታስቀቡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ የእጅ ሰዓቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ እስኪፈርስ ድረስ የምሠራው እዚያው ነበር። ጉዳዩን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ ለመለየት የሰጣችሁት ምክር ሰው ያስከስራል ብዬ ስለሰጋሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ክብደቱ። «ኦሪጅናል ከባድ ነው፣ ፎርጅድ ቀላል ነው» ብላችኋል። ዛሬ የሚመጣው ኮፒ ድፍን ብረት ነው፤ ክብደት አይጎድለውም። እንዲያውም በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) የተሠሩ ብዙ የስዊስ ሰዓቶች ቀጫጭንና ቀላል ናቸው። በሚዛን ከሄድን ኦሪጅናሉን ትተን ኮፒውን ልንገዛ ነው።

ቀጥሎ የሰከንድ ቆጣሪው። «እየዘለለ ከሄደ ፎርጅድ፣ ከተንሸራተተ ኦሪጅናል» የሚለውን ነገር ደላላውም ይናገረዋል። ርካሹ የቻይና አውቶማቲክ ማሽንም እኮ ይንሸራተታል። በሌላ በኩል ሮሌክስ ራሱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኦይስተርኳርትዝ የሚባል የባትሪ ሰዓት ሠርቷል። እሱ በየሰከንዱ ይዘላል፤ ኦሪጅናል ግን ነው።

ክዳኑ ይከፈት። ሻጩ አላስከፍትም ካለ ግዢው ይቅር። ኦሜጋን ልውሰድ፣ እጄ ላይ በብዛት የሚገባው እሱ ስለሆነ። የ1960ዎቹ ኦሜጋ ማሽን የመዳብ መልክ አለው። የኩባንያው ምልክት፣ የማሽኑ ዓይነትና ተከታታይ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተቀርጿል። ኮንስቴሌሽን በሚባለው የኦሜጋ ሞዴል ውስጥ የሚገኘው 561 የሚባለው ማሽን 24 ድንጋይ (የማሽኑን መፋተግ የሚቀንሱ ጥቃቅን ጠጠሮች) አለው። ተከታታይ ቁጥሩ 24 ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ማሽኑ የ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ሻጩ «የ1952 ነው» እያለ ይህን ቁጥር ካያችሁ፣ ወይ ማሽኑ ተቀይሯል ወይ ወሬው ተቀይሯል። መስታወቱ አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ላይ በማጉያ ብቻ የምትታይ ትንሽ የኦሜጋ ምልክት አለች። መስታወት ግን በጥገና ጊዜ ስለሚለወጥ፣ ምልክቷ ስለሌለች ብቻ ሰዓቱን ፎርጅድ አትበሉት።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ፎርጅዱ አይደለም። ኦሪጅናል ሆኖ ሳለ ፊቱ የተቀባው ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት የአያቱን ኮንስቴሌሽን ይዞልኝ መጣ። ጀርባው ላይ የሞዴሉ ምልክት የሆኑት የከዋክብት መመልከቻው ሕንፃና 8ቱ ኮከቦች አሉ፤ ማሽኑም ንጹሕ ነው። ውጭ አገር ገዢ አግኝቶ ነበር። ከመሸጡ በፊት «ትንሽ ይመር» ብሎ ለአንድ ሱቅ ሰጠው። እዚያ ያረጀውን ፊት ፍቀው ነጭ ቀቡት፤ ጽሑፉንም እንደ አዲስ አተሙበት። ዋጋው እንደሚወርድ አንድም ሰው አልነገረውም። ገዢው ፎቶውን ባየ ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። ልጁ እኔ ጋ የመጣው ወደ ነበረበት እንድመልስለት ነበር። የተፋቀ ፊት አይመለስም።

ቅብ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ማጉያ ያዙ። የፋብሪካው ጽሑፍ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ የቅቡ ፊደል ይወፍራል፣ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። የደቂቃ ሰረዞቹ ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም። ከታች ስዊስ ሜድ (በስዊዘርላንድ የተሠራ) የሚለው ይጠፋል ወይም ቦታውን ይስታል። በጨለማ የሚያበራውን ቀለምም እዩ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብዙ ሰዓቶች ላይ ስዊስ ሜድ ከሚለው ግራና ቀኝ ቲ የምትባል የላቲን ፊደል አለች፤ ትሪቲየም የሚባል፣ ቀለሙን በጨረሩ የሚያበራ ንጥረ ነገር አለበት ማለት ነው። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ዛሬ እንደ ፋኖስ ቦግ ካለ ቀለሙ አዲስ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በጨለማ የሚያበሩ ሰዓቶች ደግሞ በአብዛኛው ጨረር ያለው ሬዲየም የተቀቡ ናቸውና በምላጭ ለመፋቅ አትሞክሩ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ሲገባ አደገኛ ነው።

በድሮ ሰዓት መሸወድ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ወጣ። የገዛው ኦሜጋ ራሱ ነው፤ ለሙዚየሙ። በ2023 ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑ ታወቀ፤ የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበትም ኩባንያው ተናገረ። እንግዲህ ሠሪው ራሱ በራሱ ሰዓት ከተሸወደ፣ እኛ በፎቶ አይተን የምንከፍለው ገንዘብ ምን ሊሆን ነው?

«የጃንሆይ ሽልማት» የሚባሉትን ሳልጠቅስ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። ጃንሆይ ሰዓት ይሸልሙ እንደነበር እውነት ነው። ግን ዘውድ ወይም አንበሳ ዛሬ በመቅረጫ ማሽን የሰዓቱ ጀርባ ላይ መቅረጽ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዙሪያው ያለው ክዳን በአጠቃቀም ተበልቶ፣ ቅርጹ ብቻ ስል ሆኖ ካያችሁት ተጠራጠሩ። የሽልማቱን ደብዳቤ ወይም የዘመኑን ፎቶ ጠይቁ። እውነተኛ ሆኖም ጣጣ አያጣም። በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ለራሳቸው ለጃንሆይ የተበረከተው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ኩባንያ ለጨረታ ሊያወጣው ሲል፣ ቤተሰቡ የእኛ ነው ብሎ በመከራከሩ ከጨረታው ወጥቷል።

የአባታችሁ ሰዓት ቤት ካለ ማሽኑን አስጸዱት፣ ዘይት ይቀየርለት። ፊቱን ተዉት። ቢጫ ይሁን፣ ነጠብጣብ ይኑረው፤ ሰብሳቢው የሚፈልገው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጽሑፉ ጋር «የ1950ዎቹ ኦሜጋ» ብላችሁ ባወጣችሁት ፎቶ ላይ ስዊስ ሜድ የሚለው የለም፤ የደቂቃ ሰረዞቹም ከቁጥሮቹ ፈቀቅ ብለዋል። ባለቤቱን ታውቁት ከሆነ ክዳኑን አስከፍታችሁ የማሽኑን ፎቶ ብታወጡት መልካም ነው። ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ይሁን።

አክባሪያችሁ፣
ሰዓት ጠጋኙ፣ አዲስ አበባ