የካቲት 3 ለሽሮ ይሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምግብ ቀናት ብላችሁ የዘረዘራችሁትን አነበብን። ፓስታ ጥቅምት 15፣ ፒዛ የካቲት 2፣ ዶናት በግንቦት መጨረሻ ዓርብ። ለጨዋታ ያህል የሚከበሩ ቀናት ናቸው፤ ቅር የሚል የለም፤ ፓስታማ ለፒያሳ ባዳ አይደለም። ነገር ግን የፒዛው ማግስት ከዝርዝሩ ቀርቷል። ፌብሩዋሪ 10፣ ማለትም የካቲት 3፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ወስኖት ከ2019 ጀምሮ የሚከበር የዓለም የጥራጥሬ ቀን ነው። (ጳጉሜ 6 በሆነችበት ማግስት ዓመት ወደ የካቲት 2 ይመጣል።) ጥራጥሬ ሲባል እዚህ ከተማ ቀድሞ ትዝ የሚለው ሽሮ ነውና ቀኑ የሽሮ ቀን ይባልልን። ዓመቱን ሙሉ እየበላነው እንግዳ ሲመጣ ድስቱን የምንደብቀው እኛው ነን፤ ቀን ቢሰጠው አይበዛበትም።

ጾምም አያደናቅፈውም። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገቡ የካቲት 3 አንዳንድ ዓመት ጾም ላይ ይወድቃል። ያኔ አይብ የለበሰ ፒዛ ይቅርበት፤ ሽሮ ግን ቅቤውን ትቶ በዘይቱ ይቀጥላል።

በዓል ከተባለ ደግሞ በቅጡ ይሠራ። ለአራት ሰው 200 ግራም ምጥን ሽሮ (2 ብርጭቆ ግድም)፣ 1 ሊትር ውሃ፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ፣ እንዳያር ውሃ ጠብ እየተደረገለት፣ በደረቁ 10 ደቂቃ ይቁላላ። ዘይቱ ከቀደመ ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ይጠበስና ወጡ ላይ ለብቻው ይንሳፈፋል። ዘይት ገብቶ ሌላ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ።

ብዙ ሽሮ የሚበላሸው ቀጥሎ ነው። ውሃው ሲንተከተክ ዱቄቱን ባንዴ ይደፉበታል። የእያንዳንዷ ጓል ውጪዋ ወዲያው በስሎ ይዘጋና ውስጧ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማማሰያ ቢሰበርም አትፈታም። ይልቅ ከሊትሩ ላይ 2 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቀንሶ ሽሮውን በጎድጓዳ ሳህን መበጥበጥ፣ የቀረውን ውሃ ቁሌቱ ላይ ማፍላት፣ ብጥብጡን በቀጭኑ እያንቆረቆሩ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። እጃቸውን የተማመኑ ደረቁን ነስንሰው ይሠሩታል፤ ለጀማሪ አንመክርም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ፈላ ማለት ሽሮው በሰለ ማለት አይደለም። ምሳ ሰዓት ላይ ወረፋ የበዛበት ቤት ሽሮው ገና እንደወፈረ በ10 ደቂቃ ያወርደዋል፤ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ፣ ጉሮሮ ላይ ጥሬ ጥሬ ይላል። እሳቱ ዝቅ ብሎ ቢያንስ 25 ደቂቃ ይንተክተክ። መብሰሉ የሚታወቀው ዘይቱ ወጥቶ ጠርዝ ጠርዙን ሲተኛ ነው። ቀድሞ ከወፈረ የሚጨመርበት የፈላ ውሃ እንጂ ቀዝቃዛ አይደለም። ጨው መጨረሻ ላይ፤ ምጥን ሽሮ ብዙውን ጊዜ ጨው ይዞ ነው የሚፈጨው፣ ገና ቀጭን ሳለ ቀምሶ የጨመረ ሰው ሲወፍር ይጸጸታል። በፍስክ 1 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ሊወርድ 2 ደቂቃ ሲቀረው ይገባል፤ ቃሪያውም ያኔ ነው።

ተጋቢኖ ለሚወድ አንድ ማሳሰቢያ። ሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደም በኋላ በያዘው ሙቀት ማፍላቱን ስለማይተው፣ ትንሽ ቀጠን እንዳለ ይውረድ። ልክ ሲሆን የወረደ ተጋቢኖ ገበታ እስኪደርስ ማንኪያ ያቆማል።

ለመሥሪያ ቤት ምሳ የሚያስብ ካለ፣ ለ30 ሰው 1 ኪሎ ተኩል ሽሮ ይበቃል። ስሌቱ ውሃውን 7 ሊትር ተኩል ያደርገዋል፤ አትመኑት። በትልቅ ድስት ውሃ እንደ ትንሹ ቶሎ አይተንምና በ6 ሊትር ተኩል ይጀመር። ለሁለት ድስት ቢከፈል ደግሞ የተሻለ ነው፤ በአንዱ ከሆነ መሃሉ ሳይበስል ሥሩ ይይዛል። የያዘ ሽሮ አይፋቅ፤ ሳይነካ ወደ ሌላ ድስት ይገልበጥ። ከፋቁት እርሩ ሁሉንም ያሸተዋል።

ጨዋታው ካልቀረ የየቤቱን ሽሮ ማወዳደር ነው። ሁሉም ከቤቱ 200 ግራም ያመጣል፤ ውሃው፣ ሽንኩርቱ፣ ደቂቃው እኩል ይሆንና በየድስቱ ሥር ቁጥር ይለጠፋል። ቀማሹ የማን እንደሆነ አያውቅም። የአንዱ ቤት ኮረሪማው ይጎላል፣ የሌላው በሶብላው፤ ቆሎው ያረረበት ደግሞ መራራነቱን በርበሬ አይሸፍንለትም። አማቶች ባይዳኙ ይመረጣል።

ለዕለቱ ዱቄት የሚገዛ ሰው ከተቻለ እህሉን ከመርካቶ ገዝቶ፣ ለቅሞ ያስፈጭ። ጓያ ከተፈጨ በኋላ ከአተርና ከሽምብራ በዓይን አይለይም፤ ጥሬው ግን ማዕዘን ያለው፣ ሽብልቅ የመሰለ ስለሆነ ሲለቀም ይታያል። ጓያ ለወራት በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳልና ይህ የጨዋታው አካል አይደለም።

ዝርዝሩን ዳግም ስታወጡ ሽሮውን ከፒዛው በታች አስገቡልን። ቢቻል ሳምንት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ አዲስ ሸክላ ድስት የገዛ ሰው ማሟሸት አለበት። ታጥቦና ደርቆ ውስጡ ዘይት ይቀባል፣ በቀስታ እሳት ይሞቃል፣ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ሁለት ሦስት ቀን ይደጋገማል። ሳይሟሽ የተጣደ ድስት ወጡን ያዣል፣ ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ያውም እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ።

ሁለት ወጥ ሠሪዎች
ከአራት ኪሎ